የጠራው ውሃ

ሰኞ ማለዳ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሥራ ደወል ገና ሳይደወል፣ ከፍሳሽ ማጣሪያው ቤት የወጣ የሴት ጩኸት ግቢውን ከዳር እስከ ዳር አናወጠው። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሠራተኛው በሩ ላይ ተኮልኩሏል፤ ወደ ውስጥ ለመዝለቅ የደፈረ ግን የለም። ሃምሳ አለቃው በክርኑ መንገድ እየከፈተላት ገባች።

ቤቱ ረጅምና ጠባብ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሲሚንቶ ገንዳ ተዘርግቶበታል። በገንዳው ራስጌ የብረት ላሜራዎች እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደርድረው ውሃው ውስጥ ተንጠልጥለዋል። ከላሜራዎቹ የሚነሱት ወፋፍራም ሽቦዎች ግድግዳው ላይ ካለ ግራጫ ሳጥን ይገባሉ። የውሃውን ፊት ቡናማ አረፋ እንደ ወተት ስልባቦት ሸፍኖታል። ፖሊሶቹ አረፋውን ገፈው ሰውየውን ሲያወጡት፣ ከሥር ያለው ውሃ ኩልል ብሎ ታየ፤ በገንዳው ግድግዳ ላይ ያለ ስንጥቅ እንኳ ይለያል።

ሟቹ የፋብሪካው መሐንዲስ ነው። ማጣሪያውን ያቆመውም እሱ ነበር።

"ኮረንቲ ነው የጨረሰው" አለ ሥራ አስኪያጁ ከበሩ ሳያልፍ። "ስንቴ ብያለሁ! ውሃና ኮረንቲ አንድ ላይ አይሆንም ብዬ ስንቴ ለምኛለሁ!"

"ማን ነው ያገኘው?"

"እኔ ነኝ" አለች አንዲት ጎልማሳ ሴት። የማጣሪያው ሠራተኛ ናት፤ ግድግዳ ተደግፋለች። "ስገባ ማሽኑ እየሠራ ነው። እሁድ ማሽን አይሠራም። ማን አበራው ብዬ አጠፋሁና አረፋውን ልገፍ ስል... እጁን አየሁት።"

በዚህ መሃል አንድ ግዙፍ ሰው ሕዝቡን ሰንጥቆ ገባ። ጥፍሮቹ እስከ ሥራቸው ድረስ ሰማያዊ ናቸው። የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ፋብሪካው ሁሉ "ባለቀለሙ" ይለዋል። የሟች ሚስት ታላቅ ወንድም መሆኑን ሃምሳ አለቃው በጆሮዋ ሹክ አላት። ባለቀለሙ አልጮኸም። በርከክ ብሎ ከመሐንዲሱ ቅንድብ ላይ አረፋውን በአውራ ጣቱ ጠረገ፤ ደጋግሞ ጠረገ። ሰው ደግፎ እስኪያነሳው ድረስ አልተወም።

ኢንስፔክተሯ የሟቹን የሥራ ካፖርት ገለጥ አድርጋ አየች። ከሥሩ ሸሚዝ ለብሷል። ነጭ ሸሚዝ ነበር፤ ስፌቱ ገና ነጭ ነው። ጨርቁ ግን ሰማያዊ ሆኗል።

"እህቴ" አለቻት ሠራተኛዋን፣ "ይህ ውሃ ልብስ ያቀልማል?"

"ይኼ? ይኼማ ልብስ ይታጠብበታል።"

ኢንስፔክተሯ ካፖርቱን መልሳ አለበሰችው።

* * *

ሐኪሙ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብልቃጥ አስቀምጦ በጣቱ ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። ብልቃጡ ውስጥ ያለው እንደ ቀለም ጠርሙስ ሰማያዊ ነው።

"ከሳንባው የወጣ ነው" አለ። "የኮረንቲ ምልክት ፈልጌ አጥቻለሁ። ጆሮ ግንዱ ከሲሚንቶ ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል፤ ግን እሱ አልገደለውም። ወድቆ፣ ራሱን እንደ መሳት ብሎ፣ ውሃ ውስጥ ተንፍሷል። እየተነፈሰ የሳበው ውሃ ይኼ ነው።"

"መቼ?"

"እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ማምሻው።"

ሲወጡ ሃምሳ አለቃው ራሱን እያከከ፣ "እንግዲህ ሰውየው ሁለት ጊዜ ሰጥሟል ማለት ነው?" አለ። "አንዴ በሰማያዊ፣ አንዴ በንጹህ። እኔ እስከዛሬ አንዴ የሚበቃ ይመስለኝ ነበር።"

"አንዴ ነው የሰጠመ" አለች። "ውሃው ነው የተለወጠው።"

* * *

ማጣሪያው ቤት ተመለሱ። ሠራተኛዋ ከማቅለሚያ ክፍሉ ጉድጓድ አንድ ብርጭቆ ፍሳሽ ቀዳች፤ ጥቁር የሚመስል ሰማያዊ ነው። ሁለት የብረት ቁራጮች ነከረችበትና ሽቦአቸውን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘች። ጥቃቅን ፊኛዎች ከብረቱ ሥር መነሳት ጀመሩ።

"መሐንዲሱ ሰው ሲመጣ እንዲህ ነበር የሚያሳየው" አለች። "ቀለሙ ብቻውን ደቃቅ ነው፤ አይንሳፈፍም፣ አይዘቅጥም፣ ወንፊትም አይይዘው። ኮረንቲው ሲያልፍ ብረቱ ትንሽ ትንሽ ይሟሟል። የሟሟው ብረት ደግሞ ቀለሙን ይሰበስበዋል። ሎሚ የተጨመቀበት ወተት አይታችሁ የለ? እንደዚያ ይጓጉላል። ከዚያ ፊኛዎቹ ተሸክመው ያወጡታል።"

ጠበቁ። ብርጭቆው መጀመሪያ ደፈረሰ፤ ቀጥሎ በመሃሉ እንደ ደመና ነገር ተቋጠረ፤ ደመናውም ወደ ላይ ወጥቶ ቡናማ አረፋ ሆነ። ከሥሩ የጠራ ውሃ ቀረ። ሃምሳ አለቃው ሳያስበው ባርኔጣውን አወለቀ።

"ኮረንቲው ሰው አይገድልም?"

"የዚህኛው ግፊቱ ትንሽ ነው። እኔ በእርጥብ እጄ ነክቼው አውቃለሁ፤ ይኸው አለሁ።"

ኢንስፔክተሯ ወደ ገንዳው ዞረች። "እንግዲያው መሐንዲሱ ሲወድቅ ውሃው ቆሻሻ ነበር። ማሽኑ አልበራም ነበር። የሞተ ሰው ደግሞ ማሽን አያበራም።"

ሠራተኛዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ግራጫው ሳጥን ሄደች። ሳጥኑ ላይ አንድ እጀታ አለ፤ መሃል ላይ ሲሆን ማሽኑ ይጠፋል፣ ወደ ጎን ሲዞር ይበራል።

"አንድ ነገር ልንገርሽ" አለች። "ኮረንቲው ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ከሄደ አንደኛው ወገን ላሜራ ብቻ ተበልቶ ያልቃል። ስለዚህ ባበራን ቁጥር እናገላብጠዋለን፤ ዛሬ ግራ ከሆነ ነገ ቀኝ። ቅዳሜ እኔ ወደ ግራ ነበር ያበራሁት። ዛሬ ሳጠፋው ወደ ቀኝ ዞሮ ነው ያገኘሁት።"

"በአጋጣሚ ቢሆንስ?"

"አይሆንም። ለማያውቅ ሰው ወደ ግራ ብቻ ነው የሚዞር። ወደ ቀኝ እንዲሄድ ከሥሩ ያለችውን ይህችን መቀርቀሪያ መጫን ያስፈልጋል። ስለ መቀርቀሪያዋ የምናውቅ መሐንዲሱና እኔ ነን።" የተናገረችው ነገር ወዴት እንደሚወስዳት የገባት ያኔ ነው። "ትላንት እናቴን ሆስፒታል ሳስታምም ነው የዋልኩት። ነርሶቹን ጠይቂ።"

ሃምሳ አለቃው ሄዶ ጠየቀ። እውነቷን ነበር። እሁድ ቀኑን ሙሉ ከእናቷ አልጋ አልተነሳችም።

* * *

ቅዳሜ ዕለት ፋብሪካው በር ላይ የተጣላ ሰው ነበር። ዘበኛው ነው ያስታወሰው፤ ከወንዙ በታች ጎመን የሚተክል ሽማግሌ፣ "ያ ገንዳችሁ መቃብር ይሁናችሁ!" ብሎ ረግሟል። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰማ ፊቱ ፈካ። "እንዲያውም እሱን ነው መያዝ!" አለ። ኮረንቲውን ከነጭራሹ ረስቶታል።

ሽማግሌውን እርሻው ውስጥ አገኙት። የጎመኑ ቅጠል ዳር ዳሩን ተቃጥሏል። የመሐንዲሱን መሞት ከነሱ ነው የሰማው፤ ዶማውን ጥሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

"አባቴ፣ ረግመውት ነበር አሉ።"

"እሱን? እሱንማ እንዴት ብዬ!" አለ ሽማግሌው። "የረገምኩት ሹሞቹን ነው። እሱ እዚህ ድረስ መጥቶ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ከኔ ጋር ጭቃ ውስጥ የሚቆም ልጅ ነበር። 'አባባ፣ የኔ ገንዳ ንጹህ ነው የሚያወጣ፤ ታዲያ ይሄ ሰማያዊ ከየት መጣ?' ይለኝ ነበር። ዓርብ ዕለት ዳሩን ዳሩን ሄደን ሄደን፣ ከቁጥቋጦው ሥር አገኘነው።"

"ምኑን?"

ተነስቶ አሳያቸው። ቁጥቋጦው ውስጥ ክንድ የሚያስገባ የብረት ቱቦ አፉን ወደ ወንዙ ከፍቶ ተደብቋል። ከንፈሩ ሰማያዊ ነው።

"ከገንዳው አይመጣም" አለ ሽማግሌው። "ከማቅለሚያው ጉድጓድ በቀጥታ ነው። ልጁ ሲያየው ምን እንዳለ ታውቂያለሽ፣ ልጄ? ምንም አላለም። ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ 'ሰኞ ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሰዎች ይመጣሉ፤ እኔው ራሴ አመጣቸዋለሁ' አለኝ። እኔ ግን ትዕግሥት አጣሁና ቅዳሜ ሄጄ ተሳደብኩ።"

እሁድ ከሰዓት ሽማግሌው የጎረቤት ቀብር ላይ ነበር። መንደሩ ሁሉ አይቶታል።

* * *

ሥራ አስኪያጁ ስለ ቱቦው ሲጠየቅ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ቀጥሎ ሳቀ፤ በመጨረሻ መሃረብ አውጥቶ አንገቱን ጠረገ።

"ትዕዛዝ ሲበዛ ማጣሪያው አይደርስም ነበር። አዎ፣ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። በእጄ ግን ከፍቼ አላውቅም። የማቅለሚያ ክፍል ነው የሚከፍተው።"

"እሁድ የት ነበሩ?"

"ሌላ ከተማ፣ የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ። ከሙሽሮቹ ጋር የተነሳሁት ፎቶ አለ።"

ወደ ግራጫው ሳጥን ወሰደችውና "እስቲ ያብሩልኝ" አለችው። እጀታውን ወደ ግራ ሳበው። "ወደ ቀኝስ?" አለችው። ታገለ፤ እጀታው እንቢ አለ። "ተበላሽቷል" አለ።

"አልተበላሸም" አለች ኢንስፔክተሯ።

ከግቢው ሲወጡ ሃምሳ አለቃው፣ "ያ ሰው ቀጣፊ ነው፤ ይህን ሥራ ግን አልሠራም" አለ። "ቀጣፊ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ቢሆን ኖሮ እኛ እንቅልፍ አናውቅም ነበር።"

እሷ አልሳቀችም። ሟቹን የገፋው ሰው ማሽኑን ያውቃል። ይህስ ይሁን። ግን ለምን አበራው? ሰው ገድሎ የሚሸሽ ሰው መብራት ያጠፋል እንጂ ማሽን አያበራም።

* * *

ለቅሶ ቤቱ ሰው ሞልቶታል። የመሐንዲሱ ሚስት መኝታ ቤቱ ውስጥ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ባለቀለሙ ከጎኗ ሆኖ እጇን በሁለት እጁ ይዞላታል። ኢንስፔክተሯን ሲያይ ተነሳና ወንበር ሰጣት፤ ውሃ ላምጣ ብሎ ወጣ።

"እሱ ባይኖር እብድ ነበር" አለች ሚስቲቱ ደክሟት። "ወንድም ጋሼ መርዶውን ከሰማ ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም።"

"ስለ ባለቤትሽ ንገሪኝ፣ እህቴ። ማሽኑን ሲሠራ ነበርሽ?"

ሚስቲቱ ፈገግ የማለት ያህል ፊቷ ተለወጠ። "ማሽኑ የተወለደው እዚህ ጓሮ ነው። በመስኮቱ ይታይሻል፤ ያ በርሜል። እሁድ እሁድ እሱና ወንድም ጋሼ ሸሚዛቸውን አውልቀው ሲጨቃጨቁ ነበር የሚውሉት። ወንድም ጋሼ ከፋብሪካ ቀለም ያመጣል፣ የኔው ደግሞ ብረት ይቆርጣል። ላሜራው በአንድ ወገን እየተበላ ሲያስቸግራቸው፣ እጀታዋን የሠራት ወንድም ጋሼ ነው። 'እንግዳ ሰው እንዳያበላሻት' ብሎ ከሥሯ መቀርቀሪያ አደረገላት።" ዓይኗ እንባ ሞላ። "ያን ቀን ልጆች ሆነው ነበር።"

ኢንስፔክተሯ መስኮቱን አየች። በርሜሉ ዝጓል። ውሃ ይዞ የተመለሰው ሰው በሩ ላይ ቆሟል፤ የሰማ አይመስልም። ብርጭቆውን ሲያቀብላት ጣቶቹን አየቻቸው።

"እሁድ ምሳ አብራችሁ ነበራችሁ?" አለች።

"አብረን በላን" አለች ሚስቲቱ። "ከዚያ የኔው 'ለነገ እንግዶች ገንዳውን ላዘጋጅ' ብሎ ወጣ። ሥራ ሲይዘው እዚያው ማደር ልማዱ ነውና ሌሊት አልፈለግኩትም። ወንድም ጋሼ ወደ ቤቱ ሄደ።"

"አዎ፣ ተኝቼ ዋልኩ" አለ ባለቀለሙ።

* * *

የፋብሪካው ዘበኛ ሽማግሌ ነው፤ ጥያቄ ሲደገምበት ይከፋዋል።

"አልኩ እኮ! እሁድ መሐንዲሱ ገባ፤ ከሱ በቀር እንግዳ አልገባም።"

"አባባ፣ እንግዳ ያልሆነስ ሰው አልገባም?"

ዘበኛው አያት። "እንግዳ አልገባም አልኩ እንጂ ሰው አልገባም መች አልኩ? ባለቀለሙማ ገባ። እሱ የቤት ሰው ነው፤ እሱን ማን ይቆጥራል? ሲመሽ ወጣ። 'ደህና እደር' ስለው አልመለሰልኝም፤ ደክሞት ይሆናል አልኩ።"

ሃምሳ አለቃው ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈ።

* * *

በማግሥቱ ከአካባቢ ጥበቃ የመጡት ሰዎች ቱቦውን እየቆፈሩ ሳለ፣ ኢንስፔክተሯ ለቅሶ ቤት ሄዳ ባለቀለሙን ወደ ጓሮ ጠራችው። የገባው ይመስላል፤ ዘመዶቹን ሳይሰናበት ተከትሏት ወጣ።

"መቀርቀሪያዋን ራስህ ነህ የሠራሃት" አለችው።

"እኔ ነኝ።"

"እሁድ ወደ ፋብሪካው ገብተህ ነበር።"

ወደ ዛገው በርሜል ዞረ። ከቤቱ ውስጥ የለቀስተኛ ጉምጉምታ ይሰማል።

"ቱቦውን የምከፍተው እኔ ነበርኩ" አለ ወዲያው፣ ሰው እንደጠየቀው ሳይሆን ለራሱ እንደሚነግር። "ገንዳው እስኪደርስ ከጠበቅን ማቅለሚያው ይቆማል፤ ሠራተኛው ይበተናል። አንድ ቀን ብቻ ብዬ ከፈትኩ። ከዚያ ለመድኩት። ምሳ ላይ ዓይኑን ሳየው ማወቁ ገባኝ። ተከትዬው ሄድኩ። ገንዳውን ከጉድጓዱ ሞልቶ ጨርሷል፤ ገና አላበራም። 'ነገ ስሜን ልትሰጣቸው ነው?' አልኩት። 'ካልጠየቁኝ አልናገርም፤ ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም' አለኝ። በቃ እንዲህ ነው። ቢጮህብኝ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ገፋሁት።"

"ወደቀ።"

"ጭንቅላቱ ጠርዙን መታው። አንዴ ብቅ አለ። እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር።" ሁለቱን እጆቹን አያቸው። "አልዘረጋሁም። ምን እንደያዘኝ አላውቅም። ቆሜ አየሁ።"

"ማሽኑንስ ለምን አበራኸው? ሥራ ላይ እያለ የሞተ እንዲመስል?"

ባለቀለሙ ራሱን ነቀነቀ። "መደበቅ ብፈልግ ትቼው እሄድ አልነበር? ውሃው ሰማያዊ ነው። እኔ የነከርኩት ቀለም ነው። ፊቱ አይታየኝም። ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ እድፍ ጋር ሲታገል የኖረ ሰው፣ በኔ እድፍ ውስጥ ሊያድር ነው። አልቻልኩም። አበራሁትና ውሃው እስኪጠራ ጠበቅኩ፤ ፊቱን ልይ ብዬ። ለካ አረፋው ይሸፍነዋል።"

ኢንስፔክተሯ በሥራ ዘመኗ ብዙ የእምነት ቃል ሰምታለች። ይህኛውን ሰምታ ግን ካቴናውን ከኪሷ አላወጣችም።

"ከሌላ ሰው እንዳትሰማ" አለ። "እኔ ልንገራት።"

ፈቀደችለት። ለቀስተኛውን ወደ ሳሎን አወጡና በሩን ዘጉ። ኢንስፔክተሯ መስኮቱ ጥግ ቆመች። ባለቀለሙ እህቱ እግር ሥር ተንበረከከና ነገራት። ነገሩን አላሳጠረውም፤ አላሰማመረውምም።

ሚስቲቱ አልጮኸችም። የያዘችውን እጁን ቀና አድርጋ ጥፍሮቹን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

"ጠርቶህ ነበር?" አለችው።

ባለቀለሙ አንገቱን ደፋ።

"ብቅ ያለ ጊዜ። ጠርቶህ ነበር ወይ?"

"ጠርቶኛል።"

"ምን ብሎ?"

"ወንድም ዓለም፣ ብሎ።"

እጁን ለቀቀችው። ቀስ ብላ፣ የሰው ዕቃ እንደምትመልስ አድርጋ፣ የገዛ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ኢንስፔክተሯ በሩን ከፈተች። ሳሎን የተቀመጠው ሰው ባለቀለሙ ከአንዲት ሴት ጋር አቀርቅሮ ሲወጣ ሲያይ ኀዘኑ የጸናበት መሰለው። ወንዶቹ ተነሱ። አንዱ ትከሻውን ያዘው፣ አንዱ አንገቱን አቀፈው። "አይዞህ" አሉት፤ "እግዜር ያጽናህ" አሉት፤ "አንተ እንዲህ ከሆንክ እሷ ምን ትሁን" አሉት። ለእያንዳንዱ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። በሩ አጠገብ አንዲት አሮጊት እጁን በሁለት እጇ ጨብጣ አላስኬድ አለችው።

"ልጄ፣ እህትህን አደራ! ከእንግዲህ ካንተ በቀር ማን አላት?"

እጁን ቀስ ብሎ ሊያስለቅቅ ሞከረ፤ አሮጊቷ ይበልጥ አጥብቃ ያዘችው።

"ይልቀቁት፣ እማማ" አለ ከመኝታ ቤቱ የመጣው የሚስቲቱ ድምፅ። "ይሂድ።"